የደብል ቤዝ ክሮች ለምን ያን ያህል ከፍ ብለው ተሰቀሉ?

ደብል ቤዝን በጃዝ ቪዲዮ ወይም በኦርኬስትራ መድረክ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። ቫዮሊን የሚመስል፣ ግን ቁመቱ ከሰው የሚተካከል ወይም የሚበልጥ፣ ተጫዋቹ ከአጠገቡ ቆሞ አቅፎ የሚጫወተው የእንጨት መሣሪያ ነው። አንድ አሮጌ ደብል ቤዝ፣ ከመቶ ዓመት በፊት እንደተዘጋጀ ሳይነካ የቆየ፣ እጃችሁ ቢገባ መጀመሪያ የሚያስደነግጣችሁ ክሮቹ ናቸው። የግራ እጅ ጣቶች ክሩን ከሚጫኑበት ጥቁር እንጨት፣ ከጣት ሰሌዳው ማለት ነው፣ በጣም ርቀው ተሰቅለዋል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጣታችሁ ይለበልባል፣ አውራ ጣታችሁ ሥር ያለው ጡንቻ ይዝላል። «ይሄን ያዘጋጀው ሰው ተጫዋቹን ጠልቶት ነው እንዴ?» ትሉ ይሆናል።

አልጠላውም። ክሩን ከፍ ያደረገበት በቂ ምክንያት ነበረው።

ነገሩ የሚጀምረው ከድምፁ ውፍረት ነው። የዛሬው ደብል ቤዝ ዝቅተኛው ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል፤ የጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ 82 ጊዜ። ፈረንሳዊው ማሪን መርሰን እ.ኤ.አ. በ1636 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ የክር ድምፅ በሦስት ነገሮች ይወሰናል፦ በርዝመቱ፣ በውጥረቱና በክብደቱ። ድምፁ እንዲወፍር ክሩን ታስረዝማላችሁ፣ ታላላላችሁ ወይም ታከብዳላችሁ። ማስረዘሙ ገደብ አለው፤ የደብል ቤዝ ክር 105 ሴንቲሜትር ያህል ሆኖ እንኳ የሰው ክንድ በጭንቅ ነው የሚደርሰው። ካላላችሁት ይልፈሰፈሳል። የቀረው ማክበድ ነው።

ያኔ ክር የሚሠራው ከበግ አንጀት ነበር። እስቲ እናስላው፦ ያን በሰከንድ 41 ጊዜ የሚርገበገብ ክር ከአንጀት ብቻ ሠርተን በ25 ኪሎ ክብደት ያህል ብንወጥረው፣ ውፍረቱ ወደ 6 ሚሊሜትር ሊጠጋ ነው። እርሳስ በሉት! እንዲህ ያለ ክር ግትር ነው፤ ድምፁም የታፈነ ይሆናል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ግን ቀጭን የብረት ሽቦ በአንጀቱ ላይ መጠምጠም ተጀመረ፤ ክሩ ሳይወፍር ከበደ። በጣም ብልህ መላ ነው። ቢሆንም ቀጫጭኖቹ የላይኞቹ ክሮች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በአብዛኛው ባዶ አንጀት ሆነው ቆይተዋል።

አሁን በገናን አስቡት። የበገና ክርም ባህላዊው ከአንጀት ነው። በክሩና በብርኩማው መካከል የምትገባው ትንሽ ቆዳ፣ እንዝራ፣ ክሩ ሲርገበገብ እየነካካ ያን የሚያዝም ድምፅ ታወጣለች። በገናን ያለ እንዝራ ማሰብ ይከብዳል። ደብል ቤዝ ላይ ግን ክሩ የጣት ሰሌዳውን ከነካካ ጉድ ፈላ! ድምፁ ይንጣጣል፣ ወዲያውም ይሞታል። ስለዚህ ክሩ እንደ ልቡ የሚወዛወዝበት ክፍት ቦታ ያስፈልገዋል።

ምን ያህል ክፍት ቦታ? ማይክሮፎን በሌለበት ዘመን ቤዙ ከመለከቶችና ከከበሮ መሐል እንዲሰማ ከተፈለገ ክሩን በኃይል መሳብ ግድ ነበር። በኃይል የተሳበ የአንጀት ክር ደግሞ በሰፊው ይወዛወዛል። በዚህ የተነሳ በሰሌዳው ጫፍ ላይ ክሮቹ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር ከፍ ቢሉ የሚገርም አልነበረም። ዋጋውን የሚከፍለው ጣት ነው። አንድ ክር በ30 ኪሎ ያህል ተወጥሮ፣ መሐሉ ላይ ከሰሌዳው 8 ሚሊሜትር ቢርቅ፣ እዚያ ቦታ ላይ ተጭኖ ሰሌዳውን ለማስነካት ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ጉልበት ይፈልጋል። ርቀቱን ወደ 4 ብታወርዱት ጉልበቱም በግማሽ ይቀንሳል። አንድ ኪሎ ስኳር ምን አላት ትሉ ይሆናል፤ በአንድ ምሽት ሺህ ጊዜ፣ ያውም በትንሿ ጣት አንሷትና ንገሩኝ።

የድሮ ተጫዋቾች ታዲያ ዝም ብለው አልተሰቃዩም። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጣሊያንና በእንግሊዝ ብዙዎች ሦስት ክር ብቻ ባለው ቤዝ ይጫወቱ ነበር። የዘመኑ ዝነኛ ጆቫኒ ቦቴሲኒ ቤዝም፣ ካርሎ አንቶኒዮ ቴስቶሬ እ.ኤ.አ. በ1716 የሠራው፣ ባለ ሦስት ክር ነበር። (ቦቴሲኒ ለእኛም ሩቅ ሰው አይደለም፦ ስለ ኢትዮጵያዊት ልዕልት የሚተርከው «አይዳ» ኦፔራ እ.ኤ.አ. በ1871 ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ኦርኬስትራውን የመራው እሱ ነው።) በተቃራኒው መንገድ የሄደም አለ። ፓሪስ ውስጥ ዣን ባቲስት ቪዮም በ1850 አካባቢ «ኦክቶባስ» የሚባል ከ3 ሜትር በላይ የሚቆም ቤዝ ሠራ። ጣት ስለማይችለው ክሮቹን የሚጫኑት በእጅና በእግር የሚንቀሳቀሱ ማንሻዎች ናቸው! የጣትን ችግር ጣትን በማስወገድ ፈታው እንበል?

ሌሎች ደግሞ መጋዝ አነሱ። ብዙ አሮጌ ቤዞች ትከሻቸው ተቆርጦ ጠቧል፣ እጅ ወደ ታችኛው የሰሌዳው ክፍል በቀላሉ እንዲደርስ። ለተጫዋቹ ተመቸ፤ የመጀመሪያው ቅርጽ ግን ላይመለስ ጠፋ። እውነቱን ለመናገር ይህን ሳስብ ሁለት ልብ ነኝ፦ ባይቆረጡ ኖሮ አንዳንዶቹን ማንም ሳይጫወትባቸው ምስጥ ይበላቸው ነበር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሁለት ነገሮች ሁኔታውን ቀየሩት። የመጀመሪያው የብረት ክር ነው፤ ቀጭን ነው፣ ሳይሳብ በደንብ ይሰማል፣ ድምፁም ረዘም ይላል። ሁለተኛው ማጉያ ነው። ድምፁን ኤሌክትሪክ ከተሸከመው ክሩን በኃይል መጎተት ምን ያደርጋል? ክሮቹ መውረድ ጀመሩ። ካወረዱት አንዱ አሜሪካዊው ስኮት ላፋሮ ሲሆን፣ አብርሃም ፕሬስኮት በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሠራው ቤዝ ላይ ጣቶቹ እንደ ጊታር ተጫዋች ይሮጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 1961 ከፒያኒስቱ ቢል ኤቫንስ ጋር ኒው ዮርክ ውስጥ የተቀዳው ሥራው ዛሬም ይደመጣል። 11 ቀን ቆይቶ በመኪና አደጋ ሞተ፤ 25 ዓመቱ ነበር። ቤዙም አብሮ ተሰባበረ፤ ኋላ ግን ተጠግኖ እንደገና ለመጫወት በቅቷል።

ዛሬ አሮጌ ቤዝ «ይመቸኝ» ብላችሁ ወደ ጠጋኝ ብትወስዱት መጀመሪያ የሚያየው የሰሌዳውን ቅርጽ ነው። ሰሌዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ማለት የለበትም፤ መሐሉ ላይ በጣም በጥቂቱ ሊጎደጉድ ይገባል፣ ክሩ በሰፊው የሚወዛወዘው መሐሉ ላይ ነውና። ጎበጥ ያለ ቦታ ካገኘ ይልገዋል። ቀጥሎ አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያልፉባቸውን ጎድጓዳ መስመሮች ዝቅ ያደርጋል። መጨረሻ ላይ ወደ ብርኩማው ይመጣል፤ እግሮቹን ቆርጦ በመካከላቸው የሚሽከረከሩ የብረት ጥርሶች ያስገባል። ይህ ቅንጦት አይደለም። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሟሽሻል፤ የሣጥኑ ፊት ወጣ ገባ ሲል ክሮቹም አብረው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ጥርሱን በጣት አዙሮ ማስተካከል ይበቃል።

ስንት ድረስ ይውረድ የሚለው ግን ዛሬም ያከራክራል። በጣም ካወረዳችሁት ጣታችሁ ያርፋል፣ ድምፁ ግን ይሳሳል፤ ያን ደረት የሚያንቀጠቅጥ ነገር ታጡታላችሁ። ወደ አንጀት ክር የተመለሱ ተጫዋቾችም አሉ፤ እነሱ ክሩን መልሰው ከፍ ያደርጉታል። ለዚህም ነው አስተዋይ ጠጋኝ የድሮውን ብርኩማ ከመቁረጥ አዲስ የሚቀርጸው። አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልሎ ከቤዙ ጋር መልሶ ይሰጣችኋል።