ድምፅ ማጉያና የሚቆምበት ክፍል



«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። በቤታችን ያለው የድምፅ ማጉያ ድምፁ ሲደፈርስ፥ ቃል ከቃል ሲደባለቅ፥ ብዙዎቻችን በመጀመሪያ የምንከሰው መሣሪያውን፥ ቀጥሎም ተናጋሪውን ነው። እኔም ሥራዬ በማይክሮፎን ፊት ነውና ይህ ወቀሳ ደርሶኛል። አንድ በዕድሜ የገፉ ዘመዴ «ንግግርህ አይለይልኝም፤ ከዜናው ግማሹን በግምት ነው የምሞላው» ቢሉኝ ቤታቸው ድረስ ሄድሁ። ድምፅ ማጉያው በሲሚንቶ ወለል ላይ፥ ከክፍሉ ጥግ ተወሽቆ፥ ዙሪያውን ባዶ ግድግዳ ከቦት አገኘሁት።

ክፍል ራሱ ድምፅን እንደሚለውጥ የጥንት ሰዎችም ያስተውሉ ነበር፤ በልክና በቁጥር የታወቀው ግን ዘግይቶ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ፥ የፎግ ሙዚየም አዲስ የትምህርት አዳራሽ ተሠርቶ ነበር። ሆኖም መምህሩ የሚናገረውን ተማሪው ለይቶ መስማት አልቻለም። ጉዳዩ ዋላስ ሳቢን ለሚባል ወጣት የፊዚክስ መምህር ተሰጠ። ሳቢን ከተማው ጸጥ በሚልበት በሌሊት የኦርጋን ቱቦ እያሰማ፥ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ የሚያልፈውን ጊዜ ይለካ ጀመር። በባዶው አዳራሽ አንድ ድምፅ አምስት ሰከንድ ተኩል ያህል ሳይጠፋ ይቆይ ነበር። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው እንኳ ብዙ ቃል ይጨምራል፤ የኋለኛው ቃል የፊተኛውን እየደረሰበት ሁሉም ይምታታል።

ሳቢን ከሌላ አዳራሽ የመቀመጫ ትራሶች እያስመጣ ቢዘረጋ፥ ትራሱ በበዛ ቁጥር ጊዜው እያጠረ ሄደ። ከዚህም ሕጉን አገኘ፤ ክፍሉ በሰፋ መጠን ድምፅ ይዘገያል፥ ድምፅን የሚመጥ ለስላሳ ነገር በበዛ መጠን ግን ቶሎ ይጠፋል። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ በዚህ ዕውቀት የታነጸ ነው።

በ1925 ዓ.ም. ራይስና ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች ዛሬም የምንሠራበትን ዓይነት ድምፅ ማጉያ ለዓለም ባስታወቁ ጊዜ፥ የአዳራሹ ችግር ወደ መኖሪያ ቤት ገባ። በ1940ዎቹ ፖል ክሊፕሽ የሚባል መሐንዲስ የክፍሉን ጥግ እንደ ረዳት ቆጥሮ፥ ግድግዳዎቹ ወፍራሙን ድምፅ እንዲያግዙ ለጥግ የሚሆን ድምፅ ማጉያ ሠራ። ይህ ግን ለጥግ ተብሎ ለተሠራው ነው፤ ሌላው መሣሪያ በጥግ ሲወሸቅ ወፍራሙ ድምፅ ከልክ አልፎ የሰውን ንግግር ይሸፍነዋል። በ1974 ዓ.ም. ደግሞ ሮይ አሊሰን ድምፅ ማጉያው ከወለሉና ከሁለቱ ግድግዳዎች እኩል ቢርቅ፥ ተመላሹ ድምፅ ከዋናው ጋር እየተጋጨ አንዳንዱን ወፍራም ድምፅ እንደሚያዳክመው በጽሑፍ አስረዳ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለየቤታችን የሚሆነው ትምህርት እንዲህ ነው። ድምፅ ማጉያውን ከጥጉ አውጡት፤ ከወለሉ፥ ከኋላውና ከጎኑ ግድግዳ ያለውም ርቀት አንድ ዓይነት አይሁን። ከወለል አንሥታችሁ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ክፍል በተቀመጠ ሰው ጆሮ ትክክል እንዲሆን አድርጉ። ድምፅ ማጉያዎቹ ሁለት ከሆኑ በመካከላቸው ያለው ርቀትና ከእናንተ እስከ እያንዳንዳቸው ያለው ርቀት ተመሳሳይ ይሁን፤ ሦስት ማእዘኑ እኩል ይሆናል ማለት ነው። ወለሉ ሸክላ ወይም ሲሚንቶ ከሆነ ምንጣፍ፥ መስኮቱ ሰፊ ከሆነ ወፍራም መጋረጃ ይረዳል። ሁሉን በጨርቅ መሸፈን ግን ድምፁን ሙት ያደርገዋልና ልክ ይኑረው። ከሁሉም በላይ ጆሮን ዳኛ አድርጎ ጥቂት በጥቂት እያንቀሳቀሱ መፈተን ይበጃል።

ከዘመዴ ቤት ድምፅ ማጉያውን ከጥጉ አውጥተን በጠረጴዛ ላይ አኖርነው፤ ከመኝታ ቤት የመጣ ምንጣፍም ከፊቱ ተነጠፈ። አንዲት ሳንቲም አልወጣችም። ማታ ዜናውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ካዳመጡ በኋላ፥ «ለካስ ይህን ያህል ዘመን ሰምቻለሁ የምለው ያልተባለውን ኖሯል» አሉኝ። ስለዚህ፥ አንባብያን ሆይ፥ አዲስ መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ ከመቍጠራችሁ በፊት፥ ያለውን ከቆመበት ቦታ አንድ እርምጃ ፈቀቅ አድርጋችሁ ስሙት።