ከታች የሚሰማው ድምፅ፤ የቤዝ ጊታር ታሪክና የካርቱም አማተሮች

ስለ ሙዚቃችን በተወሳ ቁጥር ቀድሞ የሚነሣው ዘፋኙ ነው። ቀጥሎ ሳክስፎን ነፊው፣ ከዚያም ሊድ ጊታር መቺው ይጠቀሳል። ከመድረኩ ወደ ኋላ፣ ከድራሙ አጠገብ ቆሞ አራት ወፋፍራም ክሮችን የሚነካውን ሰው የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በካርቱም ከተማ በተለያየ ዘመን ቤዝ ጊታር ስንማር፣ ስንጫወት፣ ስንከራከርና ስንቀላለድ የኖርን አማተሮች ነን። ከመካከላችን በዚህ ሙያ እንጀራ የበላ የለም። ቀን ግንበኛ፣ መኪና ጠጋኝ፣ የሆቴል አስተናጋጅ ሆነን ስንውል፣ ማታ ቤዝ መቺዎች ነበርን። ዛሬ በዚህ ካምፕ ተገናኝተን ስንጫወት ያስታወስነውን ሁሉ፣ ከሰፊው ታሪክ ጋር አገናኝተን ለውድ አንባብያን ማቅረብ ወደድን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መሣሪያው ከየት መጣ?

ወፍራም ድምፅ ለአገራችን ጆሮ እንግዳ አይደለም። በገና አሥር ጅማቶች አሉት፤ በእያንዳንዱ ጅማት ሥር የምትገባው እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳም ድምፁን ታነዝረዋለች። በዐቢይ ጾም በገና እየሰማ ያደገ ሰው ዝቅተኛ ድምፅ ደረቱን ሲነካው አይደነግጥም። ይሁንና በገና የጸሎት እንጂ የጭፈራ መሣሪያ ስላልሆነ፣ በጭፈራችን የታችኛውን ስፍራ ይዞ የኖረው ከበሮ ነው።

የዘመናዊው ባንድ ታሪክ ሲነገር ከ1924 መነሣት የተለመደ ነው። በዚያ ዓመት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን አግኝተው ከነመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። እነዚህ «አርባ ልጆች» የተባሉት ራሳቸው ስደተኞች እንደ ነበሩ ልብ ይሏል። ከዚያ በኋላ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ተስፋፉ። በኦርኬስትራ ዘመን የታችኛውን ድምፅ የሚይዘው ቆመው የሚጫወቱት፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጠው ኮንትራባስ ነበር።

ኮንትራባስ ግርማ ቢኖረውም ለመንገደኛ አይሆንም። ይህን ችግር ያቃለለው አሜሪካዊው ሊዮ ፌንደር ነው። ፌንደር በ1951 በካሊፎርኒያ ለገበያ ያወጣው ኤሌክትሪክ ቤዝ፣ እንደ ጊታር በትከሻ የሚንጠለጠል፣ አንገቱ ላይ የጣት ቦታ የሚያመለክቱ ሽቦዎች ያሉት ሆነ። አራቱ ክሮቹ ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ እና ሶል ተብለው ይቃኛሉ። እነሆ ቤዝ መቺ መሣሪያውን ይዞ አውቶቡስ ለመሳፈር በቃ። በምላሹ ግን ከመብራት ጋር ተቆራኘ፤ መብራት ሲጠፋ የሱም ድምፅ አብሮ ይጠፋል። ካርቱም የኖረ ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳናል።

አዲስ አበባና አስመራ

አስመራ ከ1943 እስከ 1977 የቆየው የአሜሪካ ጦር ሠፈር፣ ቃኘው፣ የራሱ ራዲዮ ስለ ነበረው የከተማው ወጣት የሶል ሙዚቃን ከምንጩ ይሰማ ነበር። በአዲስ አበባም በ1960ዎቹ ከወታደራዊ ባንዶች ውጭ የቆሙ የወጣት ባንዶች ብቅ አሉ። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ በነበረበት ጊዜ አምሐ እሸቴ ደፍሮ በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። ድርጅቱ እስከ 1975 ሠራ።

ቤዝ መቺዎቻችን እንደ አስተማሪ ከምንቆጥራቸው አንዱ ጆቫኒ ሪኮ ነው። የአይቤክስ ባንድ፣ በኋላም የሮሃ ባንድ ቤዝ መቺ የነበረው ጆቫኒ ከጊታር መቺው ከሰላም ሥዩም ጋር ሆኖ የአንድ ዘመን ድምፅ ሠርቷል። የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» በ1975 ሲቀረጽ ያጀበው አይቤክስ ነው። ሁለተኛው የዋልያስ ባንዱ መላከ ገብሬ ነው። ዋልያስ በሒልተን ሆቴል ለረጅም ጊዜ የተጫወተ ባንድ ሲሆን፣ በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ስለ ነበር ማታ ክበብ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፤ ባንዱም አብሮ ያነጋል። በ1977 የወጣው «ቼ በለው» የተባለው ሸክላቸው ዘፋኝ ሳይኖረው በመሣሪያ ብቻ የቆመ ነው። በ1981 ባንዱ ለትርዒት ወደ አሜሪካ ሲሄድ ግማሹ እዚያው ቀረ፤ መላከም ከቀሩት አንዱ ነበር።

በዋሽንግተንም በ1984 አድማስ የተባለ የኢትዮጵያውያን ባንድ አንድ ሸክላ አሳተመ። ቤዝ መቺው ሔኖክ ተመስገን በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ከጓደኞቹ ጋር ጃዝአምባ የተባለውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ አቋቋመ። 1984 ማለት ረሃቡ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝባችንን ወደ ሱዳን ያሻገረበት ዓመት ነው። በዚያው ዓመት አንዱ ስደተኛ ስቱዲዮ ሲገባ፣ ሌላው በገዳሪፍ ሜዳ ድንኳን ይተክል ነበር።

ጎረቤታችን ሱዳን

ካርቱም ስንደርስ ሙዚቃ የሌለበት አገር አልጠበቀንም። የኦምዱርማን ራዲዮ ከ1940 ጀምሮ ይሰማ ነበር። መሐመድ ወርዲ በዚሁ ራዲዮ መዝፈን የጀመረው በ1957 ሲሆን፣ በአገራችንም እንደ ራሳችን ዘፋኝ የተወደደ ሰው ነው። ሸርሐቢል አሕመድ ደግሞ በ1960ዎቹ ኤሌክትሪክ ጊታርና ሳክስፎን ይዞ ሱዳኖች «ጃዝ» የሚሉትን ዓይነት ጨዋታ አስለመደ፤ «የሱዳን ጃዝ ንጉሥ» የተባለውም ስለዚህ ነው። ባለቤቱ ዘኪያ አቡ በክር በሱዳን የመጀመሪያዋ ሴት ጊታር መቺ በመባል ትታወቃለች።

የሱዳን ዘፈን ለኢትዮጵያዊ ቤዝ መቺ ቶሎ የሚገባው በምክንያት ነው። የነሱም ዜማ እንደ እኛው በአምስት ድምፆች ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ አብዛኛው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ከሚለው ከትዝታ ቅኝት ጋር ይገጥማል። ጣታችን መንገዱን ያውቀዋል። የሚለያየን ምቱ ነው። አብሮን የሚለማመድ አንድ ሱዳናዊ ወዳጃችን፣ «እናንተ ሐበሾች ትቸኩላላችሁ፤ ዘፈኑ አያመልጣችሁም» ይለን ነበር። የኛ መልስ፣ «እናንተ ደግሞ ሻዩ እስኪበርድ ትጠብቃላችሁ» የሚል ነበር። ተሳስቀን እንደገና እንጀምራለን።

ስደት የአንድ ወገን ዕዳ እንዳልሆነም ወርዲ ምስክር ነው። ከ1989ኙ የመንግሥት ግልበጣ በኋላ አገሩን ለቆ የወጣው ይህ ሰው በ1990 በኢትዮጵያ ምድር፣ በኢታንግ የስደተኞች ሠፈር፣ ለደቡብ ሱዳን ተፈናቃዮች ዘፍኗል። ወደ አገሩ የተመለሰው በ2002 ሲሆን በ2012 ዐረፈ። እኛ በሱ አገር ስደተኛ ሳለን እሱ በእኛ አገር ለስደተኛ ዘፈነ።

የካርቱም አማተሮች

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። በዴምና በጅሬፍ ሠፈሮች ሐበሻ በበዛበት ግቢ ሁሉ ጊታር አይጠፋም ነበር። ቤዝ ግን ብርቅ ነበር። አንድ ቤዝ ለአራትና ለአምስት ሰው ይዳረሳል፤ ተራ እንደ ውኃ ወረፋ ይያዛል። ክር ሲያረጅ ድምፁ ይደነዝዛል፤ አዲስ መግዣ ስለማይኖር ፈትተን በውኃ እንቀቅለዋለን። ላቡና እድፉ ሲለቅ ድምፁ ለጥቂት ቀናት ይመለሳል። ምሳ ደርሷል ብሎ ድስት ከፍቶ አራት ክር ያገኘ ጓደኛችን፣ «ዛሬ ደግሞ የሚ ወጥ ነው የላ?» ማለቱ እስከ ዛሬ ያስቀናል።

ክር ይቀቀል አይቀቀል የሚለው ራሱ ክርክር ነበር። አንቀቅልም ባዮች ጄምስ ጄመርሰንን ይጠቅሱ ነበር። ይህ የዲትሮይት ሰው የሞታውን ኩባንያ ዝነኛ ዘፈኖች በአንድ ጣት እየመታ ሲያጅብ የኖረ ሲሆን፣ ክር ካልተበጠሰ አይቀይርም ነበር ይባላል። ቀቃዮቹ፣ «ወንድሜ፣ መጀመሪያ እንደ ጄመርሰን ምታ፣ ከዚያ እንደሱ አትቀይር» ብለው ይመልሳሉ። በጣት የሚመታና በላስቲክ ቁራጭ የሚመታም እንዲሁ በሁለት ወገን ተሰልፎ ያመሻል። መሣሪያ የለኝም ብሎ ለሚያማርር ደግሞ የቦብ ማርሊ ቤዝ መቺ የነበረው አስተን ባሬት የመጀመሪያ ቤዙን ራሱ ከኮምፔንሳቶ መሥራቱ ይነገረው ነበር።

ትልቁ ክርክራችን ግን ከካሴት የመነጨ ነው። አስተማሪያችን ካሴት ነበር፤ ያውም ከካሴት ላይ የተቀዳ፣ የተቀዳው ደግሞ እንደገና የተቀዳ። በእያንዳንዱ ቅጂ ድምፁ ይደክማል። ከዚህም በላይ የቤዙ ወፍራም ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይነዝራል፤ ይህን ድምፅ የትንሽ ቴፕ ስፒከር አውጥቶ ሊያሰማ አይችልም። ስለዚህ ጆሯችንን ስፒከሩ ላይ ለጥፈን የምንሰማውን እንሰማለን፤ የማንሰማውን በግምት እንሞላለን። አንዱን የማሕሙድ ዘፈን በዴም የተማረና በጅሬፍ የተማረ ሲገናኙ ሁለት የተለያየ ቤዝ ይጫወታሉ፤ ሁለቱም ካሴቱ ምስክሬ ነው ይላሉ። ድንጋይ ሲደክም ደግሞ ቴፑ እየጎተተ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በደከመ ድንጋይ የተማረ ልጅ ባንድ ውስጥ ሲገባ ከሰው ሁሉ በግማሽ ድምፅ ወርዶ ይገኛል። በዚህ የተነሣ፣ «የአገራችን ቅኝቶች ስንት ናቸው?» ተብለን ስንጠየቅ መልሳችን የታወቀ ነበር፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ እና ባትሪ።

ሠርግ ስንሠራ ዘፋኙ ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል። ሊድ ጊታር መቺውም አልፎ አልፎ ይደርሰዋል። የቤዝ መቺ ግንባር ግን ከላቡ በቀር የሚለጠፍበት የለም፤ ሠርጉ ሲያበቃ ከባዱን አምፕሊፋየር የሚሸከመውም እሱ ነው። አንድ ታላቃችን ሲያጽናኑን፣ «ቤዝ ማለት የወጥ ሽንኩርት ነው። ቀልጦ ይጠፋል፤ ማንም አያነሣውም። እስኪ ሳትጨምሩ ሥሩት!» ይሉን ነበር።

ሁልጊዜ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። በ1983 የመስከረም ሕጎች ከታወጁ በኋላ ማታ መሰብሰብ አስጊ ሆነ። ከ1989 በኋላም የሰዓት እላፊው ሠርጉን በጊዜ እንዲበተን አስገደደው። በ1994 ዘፋኙ ኾጀሊ ዑስማን በኦምዱርማን የሙዚቀኞች ክበብ በስለት ተወግቶ ሲገደል ሐዘኑ የኛም ሆነ። ለእኛ ለስደተኞች ደግሞ ከሻ፣ ማለትም የአፈሳው ፍራቻ፣ ነበረብን። እነዚህን ዓመታት ያለፍነው በዝግ ቤት፣ አምፕሊፋየር ሳንከፍት ነው። መብራት ያልተሰካ ቤዝ ከመቺው በቀር ለማንም አይሰማም። መቺው አገጩን ከእንጨቱ ላይ ሲያሳርፍ ድምፁ በአጥንቱ በኩል ይገባዋል። ብዙ ዘፈን የተማርነው በዚህ ዓይነት ነው።

ስም ያልተጻፈለት

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ሰው ሊይዝ የቻለው ልጁንና ወረቀቱን ነው። ቤዞቹ፣ አምፕሊፋየሮቹ፣ በካርቶን የተሞሉት ካሴቶች በየግቢው ቀሩ። ዕቃ በዕቃ ይተካል። የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው።

የያኔዎቹ ካሴቶች ልባስ ላይ የዘፋኙ ፎቶግራፍና ስም ይታተማል፤ ቤዝ የመታው ሰው ስም ብዙ ጊዜ አይገኝም። ይህ የእኛ ብቻ በደል አይደለም። ጄመርሰን እንኳ ያን ሁሉ ዘፈን ሲያጅብ ኖሮ ስሙ በሸክላ ልባስ ላይ በይፋ የወጣለት በ1971 በማርቪን ጌይ ሥራ ላይ ነው፤ በ1983 ሲሞት የሚያውቀው ጥቂት ነበር። ኢጣሊያዊ ስም ያለው ጆቫኒ፣ ዋሽንግተን የቀረው መላከ፣ ስማቸው ዛሬ የታወቀው ዘግይተው የጠየቁ ሰዎች ስለተገኙ ነው። የካርቱሞቹን አማተሮች ግን ማን ይጠይቃል? በዴም ግቢ ውስጥ ትግሬው ድራም፣ አማራው ቤዝ፣ ኦሮሞው ኦርጋን ይዘው፣ ኤርትራዊው እየዘፈነ፣ ሱዳናዊው ቦንጎ እየመታ አንድ ሠርግ እስኪነጋ ሲያጫውቱ የታዘበ መዝገብ የለም። እነዚያ ሰዎች ከነገ ወዲያ በሕይወት አይኖሩ ይሆናል። ይህ ነገር አልተደረገም የሚል ሰው ሲነሣ፣ ምን አሳይተን እንከራከራለን?

በዚህ ጽሑፍ የአንዱንም አማተር ስም አልጠቀስንም። የስደተኛ ስም ያለ ፈቃዱ በወረቀት የሚጻፍ ነገር አይደለም፤ ምክንያቱን አንባብያን ያውቁታል። ነገር ግን ፈቅዶ ለሚመጣ አንድ ደብተር አዘጋጅተናል። በደብተሩ ውስጥ የባንዱ ስም፣ ማን ምን ይጫወት እንደ ነበር፣ በየትኛው ሠፈር፣ በየትኛው ዓመት የሚሉ መሥመሮች ተሰምረዋል። ካሴት ይዞ የመጣ ሰው ካለም አብረን እንስማው፤ ድንጋይ እኛ እናዋጣለን። የዴሙና የጅሬፉ ቤዝ የትኛው ትክክል እንደሆነ እስካሁን አልተፈረደም፤ ፍርዱንም ለመስጠት ሳይሆን ሁለቱንም ለመጻፍ ነው የተነሣነው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከውኃ ማደያው በስተጀርባ ባለው ዳስ እንጠብቃችኋለን። ዘፋኞችም መምጣት ይችላሉ፤ ወንበር ግን ከኋላ ነው የምንሰጣቸው።

ቸር ይግጠመን።