ከዘቢዳር የወረደው መንገደኛ

እስቲ ጠጋ በሉ፣ የአንድ መንገደኛ ታሪክ ልተርክላችሁ። መንገደኛው አየር ነው። ከዘቢዳር ተራራ ወርዶ ቡታጅራ ይገባል፤ በአፍንጫችን ያልፋል። ብዙው ወደ ሳንባ ሲሄድ፣ ጥቂቱ ከአፍንጫ ጀርባ በሚነሳ ቀጭን ቧንቧ ከጆሮ ታምቡር ኋላ ወዳለው ክፍል ይዘልቃል። እዚያ ባለቤት ነው፤ እሱ ከሌለ ታምቡሩ በደንብ አይርገበገብም፣ አጥርተንም አንሰማም።

የዚያ ክፍል ጣሪያ ስስ አጥንት ነው። ከጣሪያው በላይ የአንጎል ሽፋን፣ ከሽፋኑ በላይ አንጎል አለ። መንገደኛው እዚያ መድረስ አይገባውም።

አንዳንዴ ግን ይደርሳል። ሰው ከሞተር ሳይክል ወድቆ የጆሮው አጥንት ይሰነጠቃል። ወይም ዓመታት የመገለ ጆሮ ውስጥ የተጠራቀመ ቆዳ ጣሪያውን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ያኔ ሰውየው ባስነጠሰና በተናፈጠ ቁጥር አየር ሽቅብ ይገፋል። ቀዳዳው እንደ ጎማ መንፊያ አፍ አስገብቶ የማያስወጣ ከሆነ፣ አየሩ ተጠራቅሞ አንጎልን ይጫናል። ራስ ይፈልጣል፣ ያስመልሳል፣ ልብ ያስታል። ጭንቅላቱ ውስጥ ውሃ ሲንቦጫረቅ የሚሰማውም አለ።

በአውሮፓውያኑ 1913 አሜሪካዊው ሐኪም ላኬት የራስ ቅሉ በተሰበረ ሰው ራጅ ላይ በአንጎል ጓዳዎች ውስጥ አየር አየ። በ1918 ዋልተር ዳንዲ ሆን ብሎ በመርፌ አየር ወደ አንጎል ጓዳዎች አስገብቶ ራጅ አነሳ፤ የተፈራው አየር ለሐኪም መብራት ሆነ። ዛሬ ሲቲ ስካን ጥቂቱን አየር ሳይቀር ያሳያል።

ሕክምናም አለው። በሽተኛው ራሱን ከፍ አድርጎ ይተኛል፤ አይናፈጥም፣ አያምጥም። ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ከደሙ ናይትሮጅን ይቀንሳል፤ ያኔ የታሰረው አየር ወደ ደም እየገባ ይጠፋል። አየሩ አንጎልን ከተጫነ ወይም ቀዳዳው አልደፈን ካለ ቀዶ ሕክምና ይደረጋል።

ወገኖቼ፣ ይህ ብርቅ ሕመም ነው፤ የሚመግል ጆሮ ግን በየሰፈሩ አለ። «ሲያድግ ይተወዋል» እያልን፣ ቅቤና ቅጠል እየጨመቅንበት ዓመታት እናሳልፋለን። ቡታጅራ ግን የቤት ለቤት ጥያቄን ታውቃለች፤ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በ9 የገጠርና በ1 የከተማ ቀበሌ መዝጋቢዎች ደጅ እያንኳኩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ ብለው ጽፈዋል። እኛም የልጆቻችንን ጆሮ እንጠይቅ። መግል ካለ ጤና ጣቢያ እንሂድ፤ ራሱን ለተመታ ሰው ከጆሮው እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ከወረደ ደግሞ ሳናድር ሆስፒታል እናድርሰው።