ከአባይ ሸለቆ ሲታይ፦ የምዕራባውያን የእስያ ፖሊሲ እና የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምድር

ምዕራባውያን በማደግ ላይ ባሉት የእስያ ኃያላን ላይ ስለሚከተሉት ፖሊሲ ሲጻፍ፣ ትኩረቱ አብዛኛውን ጊዜ ታይዋን፣ የደቡብ ቻይና ባሕርና የቺፕ ፋብሪካዎች ናቸው። እኔ ጉዳዩን ከአባይ ሸለቆ፣ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የካማሺና የመተከል ዞኖች ላየው እሞክራለሁ። ዋሽንግተንና ብራስልስ ቻይናን ለመገደብ የሚጥሩበት ክፍተት እዚህ ምድር ላይ የተከፈተው በራሳቸው ውሳኔ ነው። ክፍተቱን የሞሉት የእስያ መንግሥታትም ከጥቅማቸው አንድ እርምጃ አልፈው አልሄዱልንም።

ነገሩ ከቀዝቃዛው ጦርነት ይጀምራል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1956 ለግብፅ የአስዋን ግድብ ልትሰጥ የነበረውን ገንዘብ ከለከለች፤ የግብፁ መሪ ናስርም ወደ ሶቪየት ኅብረት ዞረ። ብዙም ሳይቆይ የአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ መሐንዲሶች ከኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ጋር የአባይን ተፋሰስ ማጥናት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ሪፖርት በዋናው ወንዝ ላይ አራት ግድቦችን ጠቆመ፦ ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያ እና «ቦርደር» የተባለውን የድንበር ግድብ። የመንዳያ ቦታ ዴዴሳ ከአባይ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ፣ ከካማሺ ዞን ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። ጥናቱ ለካይሮ የተላከ የፖለቲካ መልእክት ነበር፤ መልእክቱ ከደረሰ በኋላ ከአራቱ ግድቦች አንዱንም ለመሥራት ገንዘብ ያቀረበ ምዕራባዊ መንግሥት አልተገኘም።

መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በመተከል ዞን ጉባ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል፣ ግድቡ ያረፈው በዚያው የድንበር ግድብ አካባቢ ነው። የዓለም ባንክ በዓለም አቀፍ ወንዞች ላይ ለሚሠራ ሥራ የታችኛው ተፋሰስ አገሮች አስቀድመው እንዲያውቁ ይጠይቃል፤ ምዕራባውያን አበዳሪዎችም ከግብፅ ጋር ያላቸውን የጸጥታ ወዳጅነት ለአደጋ ማጋለጥ አልፈለጉም። ስለዚህ ወጪውን የሸፈነው በቦንድ፣ በደመወዝ መዋጮና በመንግሥት ባንክ ብድር ሕዝቡ ራሱ ነው። ቤጂንግም ለግድቡ ግንብ አላበደረችም። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን ከግድቡ በዴዴሳ በኩል ወደ ሆለታ የሚሄደውን የ500 ኪሎ ቮልት መስመር የቻይና መንግሥታዊ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ያዘ። ውሉ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን፣ አብዛኛው ገንዘብም ከቻይና በተገኘ ብድር የተሸፈነ ነው። ቤጂንግ ወንዙን የሚነካውን ትታ ሽቦውን መረጠች፤ በዚህም ካይሮን ሳታስቀይም ከአዲስ አበባ ጋር መሥራት ቻለች።

የተርባይኖቹን ውል ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ዋናው ተቋራጭ የጣሊያኑ ሳሊኒ ነበር። ተርባይኖቹን በመጀመሪያ የያዘው የፈረንሳዩ አልስቶም ሲሆን፣ ይህ ሥራ በኋላ ወደ አሜሪካው ጀነራል ኤሌክትሪክ ተላለፈ። የኢትዮጵያ መንግሥት የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ውል ከፈረሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ የገቡት ደግሞ የቻይናው ገዡባ እና የጀርመኑ ቮይት የሻንጋይ ኩባንያ ናቸው። የምዕራብ መንግሥታት ብድር ሲከለክሉ ኩባንያዎቻቸው ማሽን ሸጠዋል፤ የጀርመን ስም ያለው ኩባንያም በሻንጋይ ቅርንጫፉ በኩል ጉባ ደርሷል። ምዕራቡና ቻይና ኢኮኖሚያቸውን ይለያያሉ የሚለው የፖሊሲ ንግግር ተርባይን ሲገጠም አይታይም።

የጸጥታው ገጽታ ከሁሉ ከባድ ነበር። ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ የግድቡን ድርድር ስትመራ ቆይታ፣ ኢትዮጵያ የቀረበላትን ሰነድ ሳትፈርም ስትቀር በመስከረም 2020 የእርዳታ ገንዘብ ያዘች። በጥቅምት ወር ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ግብፅ ግድቡን ልታፈነዳው እንደምትችል በይፋ ተናገሩ። የዚህ ሁሉ ውጤት አዲስ አበባን ወደ ቤጂንግና ወደ ኒው ዴልሂ የበለጠ መግፋት ነበር። ሐምሌ 8 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጉዳዩ በጸጥታው ምክር ቤት ሲታይ ቻይናም ሕንድም በአፍሪካ ኅብረት የሚመራውን ድርድር ደገፉ። ያም ሆኖ በመስከረም ምክር ቤቱ ኢትዮጵያ የተቃወመችውን የፕሬዚዳንት መግለጫ ሲያወጣ አላገዱትም፤ እንዲህ ያለ መግለጫ ደግሞ የሚወጣው በአባላቱ ሁሉ ስምምነት ነው። ወዳጅነታቸው ልክ አለው፤ የእኛ ዲፕሎማሲ ይህን ልክ ማወቅ ይገባዋል።

ቴሌኮሙ ፉክክሩን የበለጠ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሁለተኛው የሞባይል ፈቃድ ሲሸጥ፣ በአንድ ወገን የጃፓኑ ሱሚቶሞና የብሪታኒያ የልማት ገንዘብ ተቋም ያሉበት የሳፋሪኮም ቡድን ቆመ። በሌላው ወገን ከቻይናው የሐር መንገድ ፈንድ ጋር የቀረበው ኤምቲኤን ነበር። ሳፋሪኮም በ850 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ። የአሜሪካ የልማት ፋይናንስ ድርጅት ለዚህ ቡድን ቃል የገባው ብድር ለቻይና መሣሪያ መግዣ እንዳይውል የሚል ቅድመ ሁኔታ እንደነበረበት በወቅቱ በስፋት ተዘግቧል። ነባሩን ኔትወርክ በብዛት የዘረጉት ዜድቲኢና ሁዋዌ በመሆናቸው፣ የመሣሪያ ምርጫችን የሌሎች የጸጥታ ጉዳይ ሆነ።

ብድሩን በተመለከተ ግን ተፎካካሪዎቹ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። የኢትዮጵያን ዕዳ ያሸጋሸገውን የአበዳሪዎች ኮሚቴ በጋራ የመሩት ፈረንሳይና ቻይና ናቸው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2024 ብሪክስን ተቀላቀለች፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ደግሞ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት 3.4 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ብድር ተፈቀደላት። ይህን እንደ ድርብ ጨዋታ የሚነቅፉ አሉ፤ እኔ ግን ለአንድ ትንሽ ኢኮኖሚ ካሉት መንገዶች ሁሉ ትክክለኛው ይመስለኛል።

ካማሺ በዚህ ሁሉ ውስጥ የት ነው ያለው? ከመስከረም 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ግጭት ዞኑንና የወለጋን አዋሳኝ ወረዳዎች አመሰ፤ ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ፣ መንገድ ተዘጋ። ከካማሺ ወደ ክልሉ ዋና ከተማ አሶሳ የሚሄድ ሰው በወለጋ በኩል ዞሮ ስለሚሄድ፣ ያ መንገድ ሲዘጋ ከራሱ ክልል መስተዳድር ይቆረጣል። ክልሉ መሬትም አቅርቧል፤ የሕንዱ ሻፑርጂ ፓሎንጂ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ለነዳጅ ተክል 50,000 ሄክታር በሊዝ ወስዶ ነበር። የጉሙዝ ገበሬ እያፈራረቀ የሚያርሰውና ለዓመታት የሚያሳርፈው መሬት በኢንቨስትመንት ካርታ ላይ ባዶ ተብሎ ይመዘገባል። በኩርሙክ በኩል ደግሞ መቀመጫው ካናዳ የሆነው አላይድ ጎልድ የወርቅ ማዕድን ይዟል። ባለሀብቱ ከሙምባይ ይምጣ ከቶሮንቶ፣ ለነዋሪው የሚያሳስበው መሬቱን ማን እንደፈረመበትና ካሳው የት እንደደረሰ ነው።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ከእንግዲህ ምርምሩ ወደ ሰነዶቹ መሄድ አለበት። የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና የክልሉ ምክር ቤት፣ በክልሉ መሬት፣ ማዕድንና መስመር ላይ የተፈረሙትን ውሎች ከሕንድም፣ ከቻይናም፣ ከካናዳም ጋር የሆኑትን ሰብስበው ለሕዝብ ክፍት ያድርጓቸው፤ ከካማሺ ወረዳዎች የሚመጣውም የምክር ቤት አባል ውሎቹን አንብቦ ይጠይቅባቸው።