በ«ወሬ» ከማስተማር ሥራ ልቀቅ ብትባሉስ? ጅማና አካባቢው ላላችሁ መምህራን

አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት ላይ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። ስለ አንድ መምህር «ተመሳሳይ ጾታ ይወዳል» የሚል ነገር ቴሌግራም ላይ ከተለቀቀ ወላጆች ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅባቸውም። ከዛ «ዝም ብለህ መልቀቂያ አስገባ፣ ለስምህ ይሻላል» ሊባል ይችላል። እዚህ ጋ ነው መጠንቀቅ።

መጀመሪያ እውነቱን እናውራ። የሀገራችን ሕግ በጾታ ዝንባሌ መድልዎ ማድረግን በስም ጠርቶ አይከለክልም። እንደውም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በእስራት ይቀጣል። (ደቡብ አፍሪካ መድልዎውን በሕገ መንግሥት ከከለከለች ቆየች፤ እዚህ ያ የለም።) ግን አንቀጹ የሚለው ድርጊት ነው። ወሬ፣ አለባበስ፣ «ይመስላል» ወንጀል አይደለም።

ስለዚህ «ነኝ»፣ «አይደለሁም» እያሉ መከራከር አያዋጣም፤ በቴክስትም በደብዳቤም ስለ ግል ሕይወታችሁ ምንም አትጻፉ። ክርክሩን ወደ ሥራው መልሱት፦ ምን አጠፋሁ? የትኛውን ደንብ ጣስኩ? በጽሑፍ ስጡኝ።

የግል ትምህርት ቤት ከሆነ የሚገዛችሁ አዋጅ 1156/2011 ነው። ቀጣሪ ሲያሰናብት ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት፣ ምክንያቱም ሕጉ የሚያውቀው መሆን አለበት። «ወላጆች ተቆጡ» ብቻውን በቂ አይመስለኝም። ስንብቱ ሕገወጥ ከተባለ ወደ ሥራ መመለስ ወይም ካሳ አለ። ግን «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብላችሁ ከፈረማችሁ ይሄ ሁሉ ይበላሻል። አትፈርሙ፣ «ላስብበት» በሉ።

ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይርጋ ያግደዋል። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። አቤቱታው ላይ የሚጻፈው «ያለ ሕጋዊ ምክንያት ተሰናበትኩ» ነው፤ ስለ ዝንባሌ መጥቀስ አያስፈልግም። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ የሚጽፍላችሁ ሰው ቀድማችሁ ፈልጉ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

የመንግሥት መምህራን በክልሉ የሲቪል ሰርቪስ ሕግ ነው የምትተዳደሩት። የዲሲፕሊን ክስ ከመጣ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ስጡ፣ ኮፒ አስቀሩ።

በስልክ ካስፈራሯችሁ ወይም ገንዘብ ከጠየቋችሁ መልእክቱን አታጥፉ፤ ግን ፖሊስ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ፣ በዚህ ጉዳይ አቤቱታ አቅራቢው ራሱ ተጠያቂ ሊሆን ይችላልና። ጠበቃ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። እና ሥራውን ብትለቁም ባትለቁም የሥራ ልምድ ወረቀታችሁን ጠይቁ፤ በነፃ የሚሰጥ ነው፣ እሱ ላይ የሚሰፍረውም የሥራችሁ ዓይነት፣ የቆይታችሁ ጊዜና ደመወዛችሁ ነው።