የቀኑን ስም ሳያሳጥር የሚጽፈው ሰዓት

በሪያድ ቀን የሚቆጠረው በሁለት አቆጣጠር ነው፤ በሂጅራና በፈረንጅ። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ እንኳ እስከ 2016 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሚታሰበው በሂጅራ ወር ነበር። ቁጥሩ ቢለያይም አርብ ግን በሁለቱም አርብ ነው። በ2013 የሳምንቱ ዕረፍት ከሐሙስና አርብ ወደ አርብና ቅዳሜ ሲዛወር እንኳ የቀናቱ ተራ አልተነካም። የቀኑን ስም የሚጽፈው የሮሌክስ «ዴይ ዴት» ሰዓት ከዚህ ከተማ ጋር የሚገጥመው በዚህ ነው።

ዴይ ዴት በ1956 ሲወጣ ከወሩ ቀን ጋር የቀኑን ስም በሙሉ ጽፎ ያሳየ የመጀመሪያው የእጅ ሰዓት ሆነ። መሠረቱ ቀድሞ ተጥሏል፤ ውኃ የማያስገባው «ኦይስተር» በ1926፣ በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላው ሞተር በ1931፣ የወሩን ቀን የሚያሳየው «ዴትጀስት» በ1945 መጥተዋል። አዲሱ ሰዓት ሦስቱንም ወርሶ፣ ከወርቅና ከፕላቲነም ብቻ እየተሠራ ለገበያ ቀረበ። ሁለት ሰይፍና ዘንባባ ያለበት የሳዑዲ አርማ በገጹ ላይ የታተመበት ዴይ ዴት ዛሬ ሰብሳቢዎች አጥብቀው ይፈልጉታል።

ብልሃቱ ያለው በ12 ቁጥር ቦታ ባለችው ቅስት መስኮት ውስጥ ነው። ሰባቱ ቀናት የታተሙበት ስስ ዲስክ ከገጹ ሥር ይዞራል፤ ሌሊት 6 ሰዓት ሲሞላ የቀኑ ስምና ቁጥሩ አብረው ይዘላሉ። ዲስኩ በ26 ቋንቋዎች ተዘጋጅቷል። ዐረብኛ አንዱ ነው፤ የኢትዮጵያም ስም በዝርዝሩ ውስጥ ይገኛል።

የቁጥሩ ዲስክ ግን እስከ 31 ስለሚቆጥር የሚስማማው ለፈረንጁ ወር ነው። በፈረንጁ በዓመት 5 ጊዜ ማረም ይበቃል። በሂጅራ ወሩ 29 ወይም 30 ቀን ስለሆነ 12 ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከነጳጉሜን 13 ጊዜ መታረም አለበት። በድሮዎቹ ሞዴሎች አንዲት ቀን ለመዝለል ቆጣሪዎቹን ሌሊት 6 ሰዓትን አሳልፎ ማዞር ግድ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ የመጣው 3055 ሞተር ቁጥሩን፣ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ የመጣው 3155 ደግሞ የቀኑን ስም ጭምር በመሙያው ብቻ ለማረም አስቻለ። በ2015 እሱን የተካው 3255 ሳይሞላ 70 ሰዓት ይሠራል።

ለእኔ የዚህ ሰዓት ትልቁ ክብር ወርቁ አይደለም፤ ሰው የራሱን ቀን በራሱ ቋንቋ እንዲያነብ ማድረጉ ነው። ስለዚህ ከአባት የተወረሰ ዴይ ዴት ያላችሁ፣ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ጥርሶቹ ስለሚያያዙ በዚያ መካከል ቀኑን አታርሙ። ለዕድሳት ስትሰጡትም ሰዓት ሠሪው የዐረብኛውን ወይም የኢትዮጵያውን ዲስክ በእንግሊዝኛ እንዳይተካው አደራ በሉት።