አንድ ፊት፥ ሁለት ስም
«እመቤት ሔዋን» ስለ ተባለው ፊልምና ስለ ተአማኒነቱ

ከሲኒማ ቤት የሚወጣ ተመልካች ዘወትር ከሚያነሣቸው ቃላት አንዱ «ይህስ ሊሆን አይችልም» የሚለው ነው። ሰውየው አጠገቡ የቆመውን እንዴት አላየም? ደብዳቤው እንዴት በዚያች ሰዓት ብቻ ደረሰ? በሩስ ለምን ሳይቈለፍ ቀረ? እያለ ይጠይቃል። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው አስተዋይ እንጂ ነገረኛ አይባልም፤ ታሪክ የሚነግረንን ሁሉ ምክንያት መጠየቅ ተገቢ ነውና። ነገር ግን በታሪክ ውስጥ የሚገኘው ቀዳዳ ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። አንዳንዱን ደራሲው ከስንፍና ወይም ከችኰላ የተነሣ ሳይደፍነው የቀረ ነው፤ አንዳንዱን ግን ሆነ ብሎ ከፍቶ የሰውን ጠባይ እንድናይበት የተወልን ነው። የሁለቱን ልዩነት ለመረዳት በ1941 ዓ.ም. በአሜሪካ የታየውን «እመቤት ሔዋን» የተባለውን ፊልም መመርመር ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ፊልሙ አሜሪካውያን «ስክሩቦል» ብለው ከሚጠሩት የኮሜዲ ወገን ይመደባል። ቃሉ የተወሰደው ቤዝቦል ከሚባለው ጨዋታቸው ሲሆን፥ ስትወረወር ከተለመደው አቅጣጫ ወደ ተቃራኒው የምትታጠፈውን ኳስ ያመለክታል፤ በአነጋገር ልማድ ግን ወፈፍ ያደረገውንም ሰው እንዲሁ ይሉታል። ይህ ዐይነቱ ኮሜዲ የተስፋፋው በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ውድቀት ሚሊዮኖችን ሥራ ፈት ባደረገበት ዘመን ነው። በ1934 ፍራንክ ካፕራ ያዘጋጀው «በአንድ ሌሊት ሆነ» የተባለው ፊልም አምስቱን ታላላቅ የኦስካር ሽልማቶች በአንድነት ከወሰደ ወዲህ፥ ባለጸጋና ድኻ፥ ኩሩና ተንኰለኛ በቃላት ሲፋለሙ ቈይተው በመጨረሻ የሚጋቡበት ታሪክ በየሲኒማ ቤቱ ተመላለሰ። በዚያው ዓመት የፊልም ኩባንያዎቹ የግብረ ገብ ደንብ በጥብቅ ይሠራበት ጀመር። ደንቡ ከጋብቻ ውጭ የሆነ ግንኙነት በማራኪ መልክ እንዳይቀርብ ይከለክል ስለ ነበር፥ ደራሲዎቹ በግልጽ ሊናገሩት ያልተፈቀደላቸውን ነገር በስሕተት፥ በአጋጣሚና በሐሰተኛ ስም ጠቅልለው ማቅረብ ግድ ሆነባቸው። እንግዲህ የእነዚህ ታሪኮች አለመታመን ከፊሉ ከዘመኑ ሁኔታ የመጣ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

የ«እመቤት ሔዋን» ደራሲና አዘጋጅ ፕረስተን ስተርጅስ በ1898 በሺካጎ የተወለደ፥ ከልጅነቱ ዘመን ከፊሉን በአውሮፓ ያሳለፈ ሰው ነው። እናቱ ከኢጣልያ የዴስቴ መሳፍንት ወገን ነኝ ትል ስለ ነበር በፓሪስ የከፈተችውን ሱቅ በዚህ ስም ሰየመችው፤ የስሙ ባለቤቶች ቢቃወሟት ግን «ዴስቲ» ወደሚል ለወጠችው፤ ራሷም ሜሪ ዴስቲ ተብላ ትታወቅ ነበር። ልጁ የክብር ስም እንደ ልብስ ሲለበስና ሲወልቅ በገዛ እናቱ ቤት አይቷል ማለት ነው። ካደገም በኋላ «ታላቁ መጊንቲ» የተባለውን ድርሰቱን ራሱ እንዲያዘጋጀው ይፈቀድለት ዘንድ ለፓራማውንት ኩባንያ በ10 ዶላር ብቻ ሸጠ። ፊልሙ በ1940 ወጥቶ ድርሰቱ ኦስካር ተሸለመ። በሚከተለው ዓመት፥ መንክተን ሆፍ ከጻፈው ታሪክ ተነሥቶ፥ «እመቤት ሔዋን»ን ለሕዝብ አቀረበ።

ታሪኩ ባጭሩ እንደሚከተለው ነው። ሄንሪ ፎንዳ የሚጫወተው ቻርልስ ፓይክ የአንድ ታላቅ ቢራ ጠማቂ ልጅ ሲሆን፥ ከአባቱ ሀብት ይልቅ የእባቦችን ጥናት የሚወድ ሊቅ ነው። በአማዞን ወንዝ አገር ከርሞ ለመመለስ መርከብ ሲሳፈር፥ ከላይ ሆና ፖም የምትገምጥ አንዲት ወጣት ፍሬውን ባርኔጣው ላይ ትጥልበታለች። እርሷም ባርባራ ስታንዊክ የምትጫወታት ጂን ሃሪንግተን ናት። ጂንና «ኮሎኔል» ተብዬው አባቷ በካርታ ጨዋታ ባለጸጎችን የሚያራቍቱ አታላዮች ናቸው። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቈረጣል» እንዲሉ፥ ቻርልስን ያልታሰበ ሲሳይ አድርገው ቈጠሩት። በመመገቢያው አዳራሽ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ሲያተኵሩበት እርሱ «እባቦች አስፈላጊ ናቸውን?» በሚል መጽሐፍ ላይ አቀርቅሮ ይታያል። ከዚያ ተነሥቶ ሲያልፍ ጂን እግሯን ዘርግታ አደናቅፋ ትጥለዋለች፤ የጫማዬን ተረከዝ ሰበርህብኝ ብላም ወደ ክፍሏ ይዛው ትሄዳለች። ይሁን እንጂ ያጠመደችው ወጥመድ ራሷን ያዛት። ቻርልስን ከልቧ ወደደችው፤ አባቷም በካርታ እንዳያታልለው ትከላከልለት ጀመር። በዚህ መካከል የመርከቡ ሹም የአታላዮቹን ፎቶግራፍ ለቻርልስ ሰጠው። ቻርልስም ፎቶግራፉን አይቶ ፊቱን አዞረባት።

ቂም የያዘችው ጂን ሰር አልፍሬድ ነኝ እያለ በኮኔቲከት ባለጸጎች መካከል የሚኖር ሌላ አታላይ ታገኛለች። በእርሱም ረዳትነት «እመቤት ሔዋን ሲድዊች» የተባለች እንግሊዛዊት መኰንን መስላ በቻርልስ አባት ቤት ግብዣ ላይ ትቀርባለች።

ታላቁ ቀዳዳ እዚህ ላይ ይገኛል። ጂን ፀጉሯን አላቀለመችም፤ ጭንብል አላጠለቀችም፤ መነጽር እንኳ አላደረገችም። የለወጠችው ልብሷንና አነጋገሯን ብቻ ነው። ቻርልስ ደግሞ ይህን ፊት በሩቅ ያየ ሰው አይደለም። በመርከቡ ክፍል ውስጥ ጂን አንገቱን አቅፋ፥ ፀጉሩን እየዳበሰች፥ ጉንጭ ለጉንጭ ሆነው ሲነጋገሩ ካሜራው ከሦስት ደቂቃ በላይ ሳያቋርጥ አሳይቶናል። ያን ያህል ቀርቦ ያየውን ፊት እንዴት ይረሳዋል? ስተርጅስ ቀዳዳውን ለማጥበብ ቢፈልግ ኖሮ መንገዱ ብዙ ነበር። በሁለቱ ግንኙነት መካከል ዓመታት ሊያስገባ፥ ለጂን ሌላ ፀጉር ሊያደርግላት፥ ወይም የቻርልስን ዐይን ደካማ ሊያደርገው ይችል ነበር። አንዱንም አላደረገም። እንዲያውም መግሲ የተባለውን የቻርልስን አሽከር አቁሞ፥ ይህች ሴት ያችው የመርከቧ ሴት ናት እያለ ደጋግሞ እንዲጮኽ አደረገው። ተመልካች ሊያነሣው ያሰበውን ተቃውሞ ደራሲው በመግሲ አፍ አስቀድሞ ይናገረዋል።

ቻርልስ ለመግሲ የሚሰጠው መልስ የፊልሙ ዋና ቍልፍ ነው። ያችው ሴት ብትሆን ኖሮ መልኳን ለመለወጥ በሞከረች ነበር፤ ምንም ስላልለወጠች ግን ሌላ ሴት መሆኗ ተረጋገጠ ይላል። አነጋገሩ የሊቅ ነው፤ አንዱ ከሌላው የተያያዘ ይመስላል፤ ነገር ግን ዐይኑ ፊት ያለውን ነገር ለመካድ የተሠራ ክርክር ነው። ሰር አልፍሬድም ጥርጣሬው ጨርሶ እንዲጠፋለት፥ ሔዋንና ጂን በስውር ከአንድ ሠረገላ ነጂ የተነሣ የሚዛመዱ እኅትማማች ናቸው የሚል ተረት ይነግረዋል። ቻርልስ ተረቱን ይቀበላል። በዚያችው ሌሊት ግን ሔዋን ባለችበት ሁሉ ይሰናከላል፤ በሶፋ ይወድቃል፤ ከመጋረጃ ጋር ይታገላል፤ ምግብ ይፈስበታል፤ ልብስ ሲለውጥ ያመሻል። እግሩ ያወቃትን ሴት ራሱ አላወቃትም ማለት ይቻላል።

ስለምን አላወቃትም? ቢያውቃት የሚከፍለው ዋጋ ብዙ ስለ ሆነ ነው። ያችው ናት ብሎ ቢያምን፥ በመርከቡ ላይ የተሞኘው እርሱ አሁንም በቤቱ፥ በአባቱ ፊት እየተሞኘ መሆኑን ማመን ይኖርበታል። ከዚህም የሚከብደው፥ በፎቶግራፍ ማስረጃ ያባረራትን ሴት እስካሁን እንደሚወዳት ማመን ይኖርበታል። ስለዚህ ከአሳፋሪው እውነት ይልቅ የተከበረውን ተረት መረጠ። «ልብ ካላየ ዐይን አያይም» የሚለው አነጋገር እንዲህ ላለው ሰው የተነገረ ይመስላል።

ይህ ዐይነቱ ታሪክ በስተርጅስ አልተጀመረም። አርስጣጣሊስ ስለ ቅኔና ስለ ቴያትር በጻፈው መጽሐፍ፥ ደራሲ ሊሆን እየቻለ ከማይታመን ነገር ይልቅ ሊሆን ባይችልም የሚታመነውን መምረጥ እንደሚገባው አስተምሯል። ሼክስፒርም በኮሜዲዎቹ ሴትን የወንድ ልብስ አልብሶ፥ ፍቅረኛዋ አጠገቡ ቆማ ሳያውቃት እንዲቀር አድርጓል። ከሁሉም ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው በኦሪት ዘፍጥረት የሚገኘው የዮሴፍ ታሪክ ነው። ወንድሞቹ በግብፅ ምድር ፊት ለፊት ቆመው ሲነጋገሩት ዮሴፍ አወቃቸው፤ እነርሱ ግን አላወቁትም። በእርግጥ የብዙ ዓመት መለያየት ምክንያት ይሆናቸዋል። ሆኖም ለባርነት የሸጡት ልጅ የግብፅ ሹም ሆኖ ይቀመጣል ብሎ ማን ያስባል? ልብሱ፥ አስተርጓሚውና ሥልጣኑ ፊቱን ሸፈኑባቸው።

በዚህ መሠረት የ«እመቤት ሔዋን» ቀዳዳ የሚነግረን ቁም ነገር ከሣቁ በላይ ነው። አንዲት ሴት ሁለት ጊዜ ተፈርዶባታል ወይም ተፈርዶላታል። በመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ፍቅር ይዛ ስትመጣ አንድ ፎቶግራፍ ታየና ተጣለች። በሁለተኛው ጊዜ ቂምና ሐሰት ይዛ ስትመጣ አንድ የማዕረግ ስም ተሰማና ተከበረች። በሁለቱም ጊዜ ማንም ሴትየዋን አላያትም፤ የታየው ወረቀቱና ስሙ ነው። ደብዳቤና ማኅተም፥ የምስክር ወረቀትና የሹመት ስም በሚመረመርበት ቢሮ ወይም ትምህርት ቤት የሚውል ሰው፥ በቻርልስ ከሣቀ በኋላ ጥቂት ዝም ብሎ ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው።

ስለ ፊልሙ እውነቱን ለመናገር ግን ሌሎች ቀዳዳዎችም አሉበት፤ እነርሱን ሁሉ በጥበብ ስም መከላከል አይገባም። ያን ያህል ባለጸጋ ቤተ ሰብ ልጁን ሲድር የሙሽራይቱን ዘር ሳይጠይቅ ይቀራልን? በሐሰት ስም የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ ፊት ይጸናልን? ፊልሙ እነዚህን ጥያቄዎች አያነሣም፤ ሠርጉን በጥቂት ሥዕሎች አሳይቶ በፍጥነት ያልፋቸዋል። ልዩነቱ ይህ ነው። የመጀመሪያውን ቀዳዳ የሰው ጠባይ ይሞላዋል፤ የኋለኞቹን የሚሸፍናቸው የሣቁ ፍጥነት ብቻ ነው። ያው ታሪክ በ1956 በሌሎች ተዋንያን እንደ ገና ቢሠራም የፊተኛውን ያህል ሲታወስ አይታይም። የፊተኛው ግን በ1994 በአሜሪካ የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው እንዲኖሩ ከሚመረጡት ፊልሞች ተቈጥሯል። ስለዚህ የታሪኩ አወጣጥ ብቻውን ፊልሙን እንዳላቆመው እንረዳለን።

የጋብቻው ነገር አንድ ጥቅም ሰጥቷል። በሠርጉ ሌሊት በባቡር ላይ ሔዋን ቀድሞ የነበሩኝ ናቸው የምትላቸውን ወንዶች ስም በየተራ ትቈጥርለታለች፤ ቻርልስም የሌሊት ልብሱን እንደ ለበሰ ከባቡሩ ወርዶ ጭቃ ላይ ይወድቃል። ቂሟን የተወጣችው ሴት ግን ደስታ አላገኘችበትም፤ ካሣ አልፈልግም፥ መጥቶ ያነጋግረኝ ብቻ ብትል እርሱ እምቢ አለ። በመጨረሻ ጂን በቀድሞ ስሟ በመርከብ ላይ እንደ ገና አደናቅፋ ትጥለዋለች፤ እርሱም በደስታ ያቅፋታል። ባለትዳር ነኝና ከአንቺ ጋር ልሆን አይገባኝም ሲላት፥ እኔም ባለትዳር ነኝ ትለዋለች። በሩም ይዘጋል። ቻርልስ ኀጢአት የሚሠራ መስሎታል፤ ተመልካቹ ግን ባልና ሚስት መሆናቸውን ያውቃል። የግብረ ገቡ ደንብ ቅር የሚሰኝበት ምክንያት አያገኝም።

ከዚያ በኋላ መግሲ ከክፍሉ ሾልኮ ወጥቶ ያንኑ የጥንት ቃሉን ይደግማል። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በፊልሙ ውስጥ እውነቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተናገረ እርሱ ብቻ ነው፤ ሆኖም አሽከር ስለ ሆነና አነጋገሩ ሻካራ ስለ ሆነ ማንም አልሰማውም። ነገር ግን መግሲም ቢሆን የሴትየዋን ፊት አወቀ እንጂ ፍቅሯን አላወቀም። ጌታው ፍቅሯን ቀምሶ ፊቷን ሳተ፤ አሽከሩ ፊቷን ለይቶ ልቧን ሳተ። «ይህስ ሊሆን አይችልም» ብለን ከሲኒማ ቤቱ ከመውጣታችን በፊት፥ ከእነዚህ ከሁለቱ ወገን እኛ የትኛው እንደ ሆንን ራሳችንን ብንጠይቅ መልካም ነው።